መቶ ሺህ ሉመን በኪስ

ድሮ የሰው ክብር በድንጋይ ይለካ ነበር። ባለ ሁለት ድንጋይ ባትሪ ይዞ የመጣ ሰው ተራ መንገደኛ ነው፤ «እንዴት አመሸህ» ተብሎ ይታለፋል። ባለ ሦስት ድንጋይ የያዘው ከብት ያለው፣ ከብት ባይኖረው ከተማ ዘመድ ያለው ነው። ባለ አምስት ድንጋዩን ትከሻው ላይ አጋድሞ የመጣ እንደሆነ ግን ሰውየው ወይ ዘበኛ ነው ወይ ሹም፤ በሁለቱም በኩል ጥግ ይዞ ማሳለፍ ነው የሚያዋጣው።

ብርሃኑ እንኳ ያን ያህል የሚያስከብር አልነበረም። ቢጫ ነው፤ መሀሉ ላይ ጥቁር ቀለበት አለው፤ ከአጥር እስከ በር ያደርሳል። ድንጋዩ ሲደክም ወደ ቀይ ይሄድና በመጨረሻ አምፖሉን ራሱን ብቻ ማሳየት ይጀምራል። ያኔ ሕክምናው የታወቀ ነው፤ ድንጋዩ ወጥቶ ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ ይሞቃል፣ ካልዳነ በጥርስ ይነከሳል። ፀሐዩ እውነትም ይሠራ ነበር፤ ሙቀት የደከመውን ኬሚካል ለጥቂት ጊዜ ያነቃቃዋል። ስለ ንክሻው የጥርስ ሐኪም ይናገር።

ዛሬ ክብር የሚለካው በሉመን ነው። ሉመን ከአንድ መብራት የሚወጣው ጠቅላላ ብርሃን መለኪያ ነው። አንዲት ሻማ 12 ሉመን ገደማ ትሰጣለች፤ ድሮ ሳሎን ውስጥ እናንጠለጥለው የነበረው ባለ 60 ዋት አምፖል ደግሞ 800 ገደማ። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ያዙልኝ፤ ከሻምበል ጋር ለምናደርገው ክርክር ያስፈልጋሉ።

ሻምበል ጎረቤቴ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ማንም ሳይሾማቸው የሰፈሩን ጥበቃ ተረክበዋል። መብራት ሲሄድ ሌላው ሰው ሻማ ሲፈልግ እሳቸው ካፖርት ደርበው ይወጣሉ። ዱባይ ያለችው ልጃቸው በሰው እጅ ባትሪ ልካላቸው ኖሮ አንድ ማታ ካርቶኑን ይዘው መጡ።

«አንብበው እስቲ ልጄ።»

አነበብኩት። 100,000 ሉመን ይላል። ባትሪው ከመዳፍ ብዙም አያልፍም፤ በሆዱ ውስጥ ያለችው አንዲት ድንጋይ ናት። 18650 የሚሏት፣ 18 ሚሊሜትር ውፍረትና 65 ሚሊሜትር ርዝመት ያላት፣ ከአሮጌ ላፕቶፕ ሆድ ዕቃ ውስጥ የምትወጣዋ ሊቲየም።

«ሻምበል፣ ይሄ እኮ ስምንት ሺህ ሻማ ማለት ነው።»

«ታዲያስ?»

«ስምንት ሺህ ሻማ በአንድ ጊዜ እዚህ ግቢ ውስጥ ቢበራ እሳት አደጋ ይጠራል።»

«ይጠራ! ስንት ዓመት ጨለማ ውስጥ ስንቀመጥ ማን ጠራልን?»

ለዚህ መልስ ስላልነበረኝ ወደ ሂሳብ ሸሸሁ። ጥሩ ኤልኢዲ ከአንድ ዋት ኤሌክትሪክ 100 ሉመን ያወጣል እንበል። መቶ ሺህ ሉመን ታዲያ 1,000 ዋት ይፈልጋል፤ የልብስ ካውያ የሚበላው መሆኑ ነው። ያቺ ድንጋይ ምርጥ ከተባለች 3,500 ሚሊአምፔር ሰዓት ትይዛለች፤ በኃይል ሲቆጠር 12.5 ዋት ሰዓት ገደማ። ካውያ የሚበላውን ያህል ብትጠየቅ በ45 ሴኮንድ ባዶዋን ትቀራለች። እሱም ከቻለች ነው። ወደ 280 አምፔር በአንዴ መስጠት ይኖርባታል፤ ጉልበተኛ የሚባሉት እህቶቿ 30 አምፔር ሲሰጡ እሰየው ይባልላቸዋል።

ሻምበል ሂሳቡን በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ፣ «ልጄ ናት የገዛችው» አሉ። ይግባኝ የሌለው ፍርድ ነው። ካርቶኑን አጣጥፌ መለስኩላቸው።

እውነተኛ ባለ 100,000 ሉመን ባትሪ የለም ማለቴ አይደለም፤ አለ። ኢማለንት የሚባል የቻይና ኩባንያ ኤምኤስ18 ብሎ የሰየመው 18 ትልልቅ ኤልኢዲዎች ፊቱ ላይ ደርድሮ፣ ሁለት ኪሎ ገደማ እየመዘነ፣ አንገቱ ላይ ማራገቢያ ገጥሞ ይህን ብርሃን ያወጣል። ማራገቢያ! በባትሪ ላይ! ያን ሁሉ አሟልቶም ሙሉ ጉልበቱን የሚያሳየው ለአንድ ደቂቃ ገደማ ነው። ከዚያ ትንፋሹ ያጥርና ራሱን ዝቅ ያደርጋል። ኩባንያው ይህ አልበቃው ብሎ 32 ኤልኢዲ ያለው፣ 200,000 ሉመን የሚል ደግሞ ሠርቷል። እሱን የሚይዝ ሰው ባትሪ ያዘ አይባልም፤ ሸክም ያዘ ነው የሚባለው።

ለምን ይሆን ይህ ሁሉ ብርሃን ከደቂቃ ብዙ የማያልፈው? እዚህ ላይ ነው የባትሪ ወዳጆች ሁሉ ቋንቋቸው የሚለወጠው። ጀማሪው ስለ ብርሃን ያወራል፤ የበሰለው ስለ ሙቀት ያወራል። ዛሬ ብዙ ብርሃን ማውጣት ጥበብ አይደለም። ጥበቡ ብርሃኑን ተከትሎ የሚመጣውን ግለት የት እንደሚያደርሱት ማወቁ ላይ ነው።

የድሮው አምፖል ይህ ጭንቀት አልነበረበትም። ሥራው መጋል ነው። ክሩ 2,500 ዲግሪ ገደማ ይግላል፤ ስለጋለ ያበራል፤ የበለጠ ሲግል የበለጠ ይነጣል። ከሚበላው ኤሌክትሪክ ለዓይን የሚታይ ብርሃን የሚሆነው ከመቶ አምስት ገደማ ብቻ ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ አብዛኛው ከብርሃኑ ጋር ወደ ፊት ይረጫል። ለዚህ ነው ዶሮ አርቢዎች ጫጩት ያሳድጉበት የነበረው።

ኤልኢዲ ሌላ ፍጥረት ነው። እሱ የሚያበራው ስለጋለ አይደለም። ኤሌክትሮን ከአንዱ የክሪስታል ንብርብር ወደ ሌላው ሲወርድ የሚተወው ኃይል ነው ብርሃን የሚሆነው። ከመቶ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሲሳካም ከዚያ በላይ ብርሃን አድርጎ ያወጣል። የቀረውን ግን እንደ አምፖሉ ወደ ፊት አይተፋውም፤ በጀርባው ይይዘዋል። ፊቱ ላይ ብርሃን፣ ጀርባው ላይ ትኩሳት። ጀርባው ደግሞ ጥቂት ሚሊሜትር ካሬ ነው። በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ 20 እና 30 ዋት ሙቀት ተከማችቶ መውጫ ካጣ ቺፑ በሴኮንዶች ውስጥ ይጠበሳል። አብዛኞቹ ኤልኢዲዎች ልባቸው ላይ እስከ 150 ዲግሪ ይችላሉ ይባላል፤ ከዚያ በፊትም ሲግሉ ብርሃናቸው ይቀንሳል፣ ዕድሜያቸውም ያጥራል።

ነገሩን አዙሬ ሳየው አንድ የሚያስቅ ነገር አገኘሁበት። የመጀመሪያው የእጅ ባትሪ ፓተንት የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1899 ኒውዮርክ ውስጥ ይኖር ለነበረው ለዴቪድ ሚዜል ነው። ከሚንስክ ተሰዶ አሜሪካ የገባው ኮንራድ ሁበርት በኩባንያው ሠርቶ ሸጠው፤ ያ ኩባንያ ነው ኋላ ኤቨሬዲ የሆነው። የዚያን ጊዜው ባትሪ ያለማቋረጥ መብራት አይችልም። ድንጋዩ ደካማ ስለሆነ ጨቆን አድርገህ ብልጭ ታደርገዋለህ፣ ልቀቅ ታደርገዋለህ፣ ያርፋል። ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ ተደክሞ፣ ሊቲየም መጥቶ፣ ኤልኢዲ ኖቤል ተሸልሞበት፣ ዛሬ የደረስነው ደግሞ ብልጭ አድርጎ ማረፍ ላይ ነው። የድሮው የሚያርፈው ጉልበት አጥቶ ነበር፤ የአሁኑ ጉልበት በዝቶበት ነው።

ኖቤል ያልኩት ለማሳመር አይደለም። ቀይ የሚያበራውን ኤልኢዲ ኒክ ሆሎንያክ በጄኔራል ኤሌክትሪክ ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1962 ሠራ። ሰማያዊው ግን ሠላሳ ዓመት እምቢ አለ። ሰማያዊ ከሌለ ነጭ የለም፤ ነጭ ከሌለ ደግሞ ኤልኢዲ የራዲዮናችን ቀይ ነጥብ ሆኖ ይቀር ነበር። በጃፓን ኢሳሙ አካሳኪና ሂሮሺ አማኖ ናጎያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ሹጂ ናካሙራ ደግሞ ኒቺያ በሚባል ኩባንያ ውስጥ ጋሊየም ናይትራይድ ከተባለ ግትር ክሪስታል ጋር ታግለው አሸነፉት፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤልን ለሦስት ተካፈሉ። ናካሙራ ከኩባንያቸው ለፈጠራው ያገኙት ጉርሻ 20,000 የን ነበር፤ ሁለት መቶ ዶላር አይሞላም። ከሰሱ። የቶኪዮ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2004 ሃያ ቢሊዮን የን ይከፈላቸው ብሎ ፈረደ፤ ነገሩ ይግባኝ ላይ ሳለ በማግስቱ ዓመት 840 ሚሊዮን የን ገደማ ላይ ታረቁ። ከሃያ ቢሊዮን ወደ 840 ሚሊዮን! በዚህ መስክ ሁሉም ነገር በሙሉ ጉልበት ጀምሮ ዝቅ ይላል።

ነጩ ብርሃን የሚገኘው በሰማያዊው ቺፕ ላይ ቢጫ ፎስፈር ሲቀባበት ነው። ባትሪያችሁን አጥፍታችሁ በመስታወቱ ብታዩ የምታገኟት ቢጫ ካሬ እሷ ናት። አፍቃሪዎቹ ይህቺን ካሬ አይተው ብቻ ማንነቷን ይናገራሉ፤ የክሪ ኤክስኤችፒ70፣ የኒቺያ 519ኤ፣ የሉሚነስ ኤስኤስቲ40፣ የሳምሰንግ ኤልኤች351ዲ ይላሉ። ስም አወጣጡ ላይ ግን ድክመት አለ። 32 ዋት ተሸክሞ 4,000 ሉመን የሚያወጣ ጀግና ኤክስኤችፒ70 ተብሎ አይጠራም። የፈረስ ስም የሚያወጣ ሰው ጠፍቶ ነው እንጂ «አባ ነበልባል» ያንሰዋል?

እንግዲህ አባ ነበልባልን መዳፍ የሚያህል ባትሪ ውስጥ እናስገባው። ሙቀቱ ከቺፑ ተነስቶ ወደ መዳብ ሰሌዳ፣ ከመዳቡ ወደ አሉሚኒየሙ ቀፎ፣ ከቀፎው ወደ አየር መድረስ አለበት። በመካከል አንድ ቦታ ክፍተት ካለ፣ ሰሌዳው በደንብ ካልተጫነ፣ ቅባቱ ካልተቀባ፣ ቀፎው ቀዝቅዞ ቺፑ ይቃጠላል። ርካሽ ባትሪ እጅ ላይ የማይሞቅ ከሆነ አትደሰቱ፤ ሙቀቱ መንገድ አጥቶ ውስጥ ቀርቷል ማለት ሊሆን ይችላል።

ቀፎው 150 ግራም አሉሚኒየም ነው እንበል። 25 ዋት ሙቀት ሲገባበት፣ ወደ አየር የሚያመልጠውን ብንተወው፣ በየደቂቃው 11 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ከ15 ዲግሪው የአዲስ አበባ ምሽት ተነስቶ በሦስተኛው ደቂቃ 48 ላይ ነው። ከዚያ እጅ «በቃኝ» ይላል። ይህን በሚያህል ቀፎ ዙሪያ ያለ አየር ያለ ማራገቢያ ሊወስድ የሚችለው ጥቂት ዋት ብቻ ነው፤ ስለዚህ የትኛውም መዳፍ የሚያህል ባትሪ፣ ካርቶኑ የፈለገውን ይበል፣ ሳይቋረጥ ሊሰጥ የሚችለው በመቶዎች የሚቆጠር ሉመን፣ ቢበዛ አንድ ሺህ ዙሪያ ነው። ይህ የፊዚክስ እንጂ የሻጭ ጉዳይ አይደለም።

እኛ ደግሞ ከፍታ ላይ ነን። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየር ሙቀት ተሸክሞ የመሄድ አቅሙም ያንሳል። ብርዱ ያካክሰዋል። ማካካሻው የሌለው አፋር ነው፤ ኤርታ አሌን በምሽት የሚወጡ ሰዎች ግንባራቸው ላይ ያሰሩት ባትሪ ገና ከመነሻው ትኩስ ነውና ቶሎ ዝቅ ይላል። ባትሪው ጥፋት የለበትም።

የሚገርመው፣ ለባትሪ ከሁሉ የተሻለው ማቀዝቀዣ የያዘው ሰው እጅ ነው። ደማችን ይዘዋወራል፤ ሙቀቱን ከመዳፍ ተረክቦ በሰውነት ሁሉ ያከፋፍለዋል። «ሞቀብኝ» ብሎ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠው ሰው ማቀዝቀዣውን ነቀለበት ማለት ነው። ቅዝቃዜ በሚበረታበት አገር ጓንት አድርገው የሚይዙትም እንደዚያው።

ያም ሆኖ ራሱን የሚያውቅ ባትሪ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ላይ ፋብሪካዎች የሠሩት ሰዓት መቁጠር ነበር፤ ሦስት ደቂቃ በራ? ዝቅ በል። ውርጭ ላይም ሁን በረሃ ላይ፣ ሦስት ደቂቃ ሦስት ደቂቃ ነው። ዝቅ ሲል ደግሞ ባለቤቱ አጥፍቶ ያበራውና ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል፤ ይህን አምስት ጊዜ የደጋገመ ሰው እጁ ላይ ካውያ እንደያዘ የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። የተሻሉት ባትሪዎች ሙቀት የሚለካ ሴንሰር አላቸው፤ አንዳንዴ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ ኮምፒውተራቸው ራሱ ሙቀቱን ያነባል። 45 ወይም 50 ዲግሪ ሲደርስ ኤሌክትሪኩን ይቀንሳል፤ ሲበርድ መልሶ ይጨምራል።

ቀላል ይመስላል። ግን ቡና የሚያፈላ ሰው ያውቀዋል፤ ጀበናው ሲገነፍል ያየ ሰው ዘግይቷል። ከመገንፈሉ በፊት በድምፁ ለይቶ ከእሳቱ ፈቀቅ የሚያደርገው፣ ሲረጋ መልሶ የሚጥደው ነው ባለሙያው። ባትሪውም እንዲሁ ነው። ሙቀቱ ከቺፑ ተነስቶ ሴንሰሩ ጋ እስኪደርስ ይዘገያል፤ ሴንሰሩ 50 ሲያነብ ቺፑ ዘንድ ነገሩ አልፏል። ስለዚህ ጥሩ ፕሮግራም ስንት ዲግሪ ደረሰ ብቻ ሳይሆን በምን ፍጥነት እየወጣ ነው ብሎ ቀድሞ ዝቅ ያደርጋል። መጥፎው ይደነግጥና በአንዴ ያወርደዋል፤ ሲበርድ ይጸጸትና በአንዴ ያወጣዋል። ግድግዳው ላይ ብርሃኑ ከፍ ዝቅ ሲል ያየ እንግዳ መብራት ኃይል የተመለሰ ይመስለዋል።

ዓይናችን ለዚህ ማታለል ተባባሪ ነው። ብርሃን እጥፍ ሆኖ እንዲታየን ሉመኑ አራት እጥፍ ገደማ መሆን አለበት። 4,000 የነበረው ቀስ ብሎ 1,000 ላይ ቢወርድ በግማሽ የቀነሰ ይመስለናል፤ በጣም ቀስ ካለም አናየውም። 1,000 ሉመን ያለውን ትቶ 1,200 ሉመን ላለው እጥፍ ገንዘብ የሚከፍል ሰው ልዩነቱን የሚያየው ካርቶኑ ላይ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ እድራችን የተማረው በሐዘን ቤት ነው። የለቅሶ ድንኳን ውስጥ መብራት ሲሄድ በሻማ መቀመጥ ሰልችቶን ነበርና ጠቅላላ ጉባኤው ትልቅ ባትሪ እንዲገዛ ወሰነ። ገንዘብ ያዡ መርካቶ ወርደው 4,000 ሉመን፣ 3 ሰዓት የሚቆይ የሚል ይዘው መጡ። በመጀመሪያው ለቅሶ፣ መብራት እልም እንዳለ፣ ባትሪው ከምሰሶው ላይ ቦግ አለ። ድንኳኑ ቀን ሆነ። ንፍሮው ታየ፣ የማን ነጠላ እንደቆሸሸ ታየ፣ ካርታ የያዙትም በአንዴ ካርታቸውን ደበቁ። ሁለት ደቂቃ አለፈ፣ ሦስተኛው ላይ ባትሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ደብዘዝ አለ።

ጥግ ላይ የተቀመጡት እትዬ፣ «ውይ፣ እሱም ሐዘኑ ገባው» አሉ።

ለቀስተኛው ሳቁን በጋቢ አፈነ። ገንዘብ ያዡ ግን በሚቀጥለው ስብሰባ አልተሳቀላቸውም፤ አስመሳይ ዕቃ ገዝተዋል ተብለው ቆሙ። እኔም ጠበቃ ሆኜ ተነሳሁ፤ በነጻ።

ክርክሬ እንዲህ ነበር። ባትሪ ሠሪዎች የሚመሩበት አንሲ ኤፍኤል1 የሚባል መለኪያ እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ውስጥ ወጥቷል። በዚህ መለኪያ ሉመኑ የሚለካው ባትሪው ከበራ ከ30 ሴኮንድ በኋላ ነው። ምን ያህል ጊዜ ይቆያል የሚለው ደግሞ የሚቆጠረው ብርሃኑ ከመነሻው ወደ አንድ አስረኛ እስኪወርድ ድረስ ነው። ስለዚህ 4,000 ሉመን እውነት ነው፤ 3 ሰዓትም እውነት ነው፤ ሁለቱ ግን አብረው አይውሉም። ባትሪው ሦስት ደቂቃ በሙሉ ጉልበቱ አብርቶ የቀረውን ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ሰባት ደቂቃ በጥቂት መቶ ሉመን ቢገፋ ማንንም አላታለለም። ሁለቱንም ቁጥር ጎን ለጎን በትልቁ የጻፈውን ሰው ነው የታዘብኩት። ሰብሳቢው፣ «ታዲያ እኛ የገዛነው የትኛውን ነው?» ብለው ጠየቁ። ጥቂቱን መቶ ነው አልኳቸው። ገንዘብ ያዡ በማስጠንቀቂያ ታለፉ።

ይኸው መለኪያ ስለ ርቀትም ይደነግጋል። ካርቶኑ 400 ሜትር ካለ እዚያ ማዶ የሚደርሰው ብርሃን ሩብ ሉክስ ነው ማለት ነው፤ ሙሉ ጨረቃ በጠራ ሌሊት የምትሰጠው ያህል። ሻምበል ከሰፈሩ ወንዝ ማዶ ያለውን ጅብ ማየት ይፈልጋሉ። በ400 ሜትር ላይ ጅቡን ያዩታል ማለት አይደለም፤ ጅቡ ጨረቃ ወጣች ብሎ ያስባል ማለት ነው። በዓይን ለይቶ ለማየት የተጻፈውን ለሁለት፣ ቢሻል ለሦስት ማካፈል ነው። ሩቅ የሚወረውረው ደግሞ ትልቁ ኤልኢዲ አይደለም። አንድና ሁለት ሚሊሜትር ካሬ የሆነ ጠባብ ቺፕ፣ ጥልቅ ሪፍሌክተር ውስጥ ሲቀመጥ፣ በሉመን የሚበልጠውን ጎረቤቱን በርቀት ያስከነዳዋል። አባ ነበልባል ግቢ ያጥለቀልቃል፤ ትንሹ ቺፕ ጅብ ይፈልጋል። ባሌ ውስጥ 15 ኪሎ ሜትር የሚሄደውን የሶፍ ዑመርን ዋሻ ለሚገባ ሰው ግን ሁለቱም አያስፈልጉትም፤ ዝቅ ብሎ ለብዙ ሰዓት የማይለወጥ ብርሃን ነው የሚያስፈልገው።

ስለ ቀለሙም አንድ ነገር ልበል፤ ማንም ገዢ ስለማይጠይቅበት። ርካሹ ባትሪ ሁሉ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ 6,500 ኬልቪን የሚሉት ነጭ ነው። በሉመን ቁጥር ያተርፋል፤ በመልክ ግን የታመመውንም ጤነኛውንም ገረጣ ያደርገዋል። ቀይ ቀለም ይጎድለዋልና በርበሬው ቡናማ ይሆናል። ወደ 4,000 ኬልቪን የወረደ፣ የቀለም ታማኝነቱም ከመቶ ከ90 በላይ የሆነ ኤልኢዲ፣ ጥቂት ሉመን ቢቀንስም፣ ሰውን ሰው ያስመስላል። እኔ ብሆን ሉመኑን ትቼ ይህን እመርጣለሁ።

ሻምበል በመጨረሻ እውነተኛ ባትሪ አገኙ። ልጃቸው ለበዓል ስትመጣ አራት ኤልኢዲ ያለው፣ ሙቀቱን የሚቆጣጠር፣ አውራ ጣት የማይሞላ አመጣችላቸው። እድር ስብሰባ ላይ ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ አስገብተውት ተቀምጠው ሳለ፣ ስለ ወንበር ኪራይ ሲከራከሩ ክርናቸው ማብሪያውን ተጫነው። መጀመሪያ ሽታ መጣ። ከዚያ ከካፖርቱ ጭስ ወጣ። «ሻምበል፣ ኪስዎ በራ!» ብሎ የጮኸው ጸሐፊው ነው። ባትሪው ሴንሰር ነበረው፤ ሴንሰሩም ሥራውን ሠርቷል፣ ብርሃኑን አውርዷል። ችግሩ ሴንሰሩ የሚለካው የራሱን ገላ እንጂ የባለቤቱን ካፖርት አለመሆኑ ነው። ጥቁር ጨርቅ መስታወቱ ላይ ከተለጠፈ ብርሃኑን በሙሉ ጠጥቶ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፤ ለመቃጠል ሁለትና ሦስት ሴኮንድ ይበቃዋል። የካፖርቱ ቀዳዳ አሁንም አለ፤ ሻምበል በጦር ሜዳ የተበሳ ነው ማለት ጀምረዋል።

ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ፣ ሻጩን ስንት ሉመን ነው አትበሉት፤ አሥር ደቂቃ ከበራ በኋላ ስንት ነው በሉት። መልስ ካጣ እዚያው አብርታችሁ፣ ስለ ዋጋው እየተከራከራችሁ፣ አሥር ደቂቃ ጠብቁ፤ መርካቶ ውስጥ ለዚህ የሚበቃ ክርክር አይጠፋም። 18650 ድንጋይ ላይ 9,900 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚል ካያችሁ መልሱለት። በዚያ መጠን ከ3,600 ብዙም የሚያልፍ የለም፤ ጤነኛዋ ድንጋይ 45 ግራም ገደማና ከዚያ በላይ ትመዝናለች፤ እጅ ላይ የቀለለች እንደሆነ ውስጧ ሌላ ነገር ነው። ጉልበተኛ ባትሪ ደግሞ ኪስ ከመግባቱ በፊት የኋላ ክዳኑን ሩብ ዙር አላሉት፤ የብዙዎቹ ጥርስ ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ሽፋን የተለበጠ ስለሆነ ያኔ ክርን ቢጫነውም አይበራም።